ባሕር የሌላት መናገሻ፦ አፄ ፋሲል፣ ጎንደርና የቀይ ባሕር በሮች

የወደብና የከተማ ዕቅድ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ዳር ይጀምራል። መርከቡ የሚቆምበትን ስፍራ፣ መጋዘኑን፣ በዙሪያው የሚያድገውን ሠፈር ይመለከታል። ወደቡን የሚቀልበው ምድርና በወደቡ የሚኖረው ከተማ ግን ከባሕሩ የብዙ ሳምንት መንገድ ርቀው ሊገኙ ይችላሉ። ጎንደር እንዲህ ካሉት ከተሞች አንዷ ነበረች። የመሥራቿ የአፄ ፋሲል ሕይወት በተለምዶ የሚተረከው በሁለት ሥራዎቻቸው ነው፤ አንደኛው የተዋሕዶን ሃይማኖት ወደ ቤተ መንግሥት መመለሳቸው፣ ሁለተኛው ግንቡን ማሠራታቸው። በሁለቱም መካከል የሚያልፍ፣ ከሁለቱም ያነሰ ትኩረት ያገኘ ሦስተኛ ጉዳይ አለ። ይኸውም በሌላ መንግሥት እጅ ባለ ወደብ ላይ ኑሮዋ የተንጠለጠለ ከተማ እንዴት ትዘልቃለች የሚለው ነው። ንጉሡ ለዚህ ጥያቄ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋሲል በ1603 በሸዋ፣ በቡልጋ ምድር፣ መገዘዝ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። እናታቸው እቴጌ ወልድ ሠዓላ ናቸው። አባታቸው ሱስንዮስ በዚያን ጊዜ ዙፋን ፍለጋ ከአገር አገር የሚንከራተቱ ልዑል ነበሩና ሕፃኑ የተወለደው በስደትና በዘመቻ መካከል ነው። አባት ከነገሡ በኋላም ኑሮው ከመንከራተት ብዙ አልራቀም። ቆጋ፣ ጎርጎራ፣ ደንቀዝ፣ አዘዞ በየተራ የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ ሆነዋል። የዘመኑ መናገሻ በአመዛኙ የድንኳንና የሣር ጎጆ ከተማ ነበር። በአንድ ስፍራ የሰፈረው ሕዝብ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ለማገዶ ይጨርሳል፤ ከብቱና በቅሎው ግጦሹን ይበላል፤ የአካባቢው ገበሬ ጎተራ ይራቆታል። ከዚያም ሰፈሩ ይነሣል። ስለዚህ ፋሲል ያደጉት የቆመበትን ምድር እየበላ በሚጓዝ ከተማ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ በአንድ ቦታ ለመጽናት የመረጡት ንጉሥ የአለመጽናትን ዋጋ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር።

የባሕሩን ጉዳይ ደግሞ የተማሩት በወጣትነታቸው ነው። ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በኦስማን ቱርኮች እጅ ነበረች። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ከሮም የተላኩት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ወደ አገሪቱ ለመግባት ሲነሡ በቱርኮቹ በር ማለፍ አልፈለጉም። በግንቦት 1625 የወረዱት ከምጽዋ በስተደቡብ ርቆ፣ በአፋር ጠረፍ፣ ከየመኑ የሞካ ወደብ ትይዩ በሚገኘው በትንሹ የቤይሉል ወደብ ነው። ከዚያም የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ደጋው ወጡ። ይህ ጉዞ ለሃይማኖት ታሪክ የራሱ ትርጉም አለው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ያኔ ገና ወጣት ለነበሩት ልዑል ባሕሩ ሁለት በር እንዳለው ማሳየቱ ነው። አንደኛው በር በቱርክ የተያዘና የተለመደ ነበር፤ ሁለተኛው ከቱርክ ውጭ የሆነ፣ ግን በበረሃ የተከበበ።

ቀጥሎ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት በሰፊው የታወቀ ስለሆነ እዚህ መዘርዘሩ አያስፈልግም። በሰኔ 1632 ከወይና ደጋው እልቂት በኋላ አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ ሥልጣኑንም ለልጃቸው ለቀቁ። በመስከረም ወር ዐረፉ። ፋሲል ዓለም ሰገድ በሚል ስመ መንግሥት ነገሡ።

የአዲሱ ንጉሥ የመጀመሪያ የባሕር ፖሊሲ በር መዝጋት ነበር። በ1633 ኢየሱሳውያኑ በትግራይ ወደሚገኘው ፍሬሞና እንዲሰበሰቡ ተደረገ፤ በተከታዩ ዓመት ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ሜንዴዝ በቱርኮች እጅ ወድቀው ሱዋኪን ላይ ለቤዛ ከተያዙ በኋላ በመጨረሻ ጎዓ ደረሱ። እዚያም ሆነው ፖርቱጋሎች በጦር ኃይል ምጽዋን እንዲይዙ ይወተውቱ ነበር። ስለዚህ የፋሲል ስጋት መሠረት የሌለው አልነበረም፤ የባሕሩ በር በጠላት ከተያዘ ዙፋናቸውም እምነታቸውም አደጋ ላይ ነበሩ። መፍትሔ አድርገው የወሰዱት ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ፓሻዎች ጋር መስማማትን ነው። ፓሻዎቹ የአውሮፓ ካህናትን እንዳያሳልፉ፣ ንጉሡም በምላሹ ገጸ በረከት እንዲልኩና ንግዱ እንዳይታወክ ተስማሙ። ውጤቱ ደም ያፈሰሰ ነበር። በ1638 ወደ አገር የገቡ ሁለት የካፑቺን መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቀሉ፤ በ1648 ሌሎች ሦስት ሱዋኪን ላይ በፓሻው ትእዛዝ አንገታቸውን ተቀሉ።

ጭካኔው እንዳለ ሆኖ ፖሊሲው ሌላ ጉድለትም ነበረው። ለበር ጠባቂው ሥልጣንን የሚጨምር ስምምነት ነበር። ፓሻው ከቀረጥ ሰብሳቢነት አልፎ ንጉሡ በደኅንነታቸው ጉዳይ ሳይቀር የሚፈልጓቸው ሰው ሆኑ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የውለታውን ዋጋ አያጣውም። ከመነኮሳቱ ጋር ነጋዴው፣ ከመስቀሉ ጋር የሕንድ ጨርቅ በአንድ በር ነበር የሚያልፉት። አንዱን ዘግቶ ሌላውን መክፈት በፓሻው በጎ ፈቃድ የሚወሰን ሆነ።

በዚህ መካከል በ1636 ጎንደር ተቆረቆረች። ከተማይቱ ለምን በዚያ ስፍራ እንደተመሠረተች የሚነገረው ትውፊት የታወቀ ነው፤ መናገሻው ስሙ በጎ ፊደል በሚጀምር ቦታ እንደሚጸና የሚናገር ትንቢት ነበረ፤ ጉዛራም ጎርጎራም ተሞክረው የጸናችው ጎንደር ሆነች ይባላል። ትውፊቱ ውብ ነው፤ መንገዶቹ ግን ከእሱ የበለጠ ይናገራሉ። በስተደቡብ የጣና ዳር የደምቢያ ሜዳ የእህል ጎተራ ነው፤ ከዚያም ወዲያ የጎጃም የወርቅ፣ የዝባድና የባሪያ ንግድ መንገድ ይቀጥላል። በስተምዕራብ በጭልጋ በኩል ወደ ሰናር ይወረዳል። በስተሰሜን ወገራን አቋርጦ፣ በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በትግራይ ወደ ምጽዋ የሚወስደው ትልቁ የቅፍለት መንገድ አለ። ጎንደር የሦስቱ መገናኛ ነች። ቦታዋም ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ፣ ከቆላ ወባ የተጠበቀ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የሚገኝ ጉብታ ነው። ከሰናር ቆላ ለወጣ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሽታውን ያየ ያውቀዋል።

የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ ተሠራ። አራት ክብ ማማዎች ያሉት ይህ ሕንፃ ከግንቡ ግቢ ሌሎች ሕንፃዎች ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በንጉሡ ዘመን ከተማይቱን የጎበኙት የየመን መልእክተኛ ሕንፃውን የሠራው ሕንዳዊ መሆኑን መዝግበዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል መረጃ ትልቅ ነገር ያሳያል፤ በሩ ለአውሮፓ ካህናት ሲዘጋ ለሕንድ ውቅያኖስ ባለሙያዎች ክፍት እንደነበረ ይመሰክራል። አደባባይ ኢየሱስ፣ ግምጃ ቤት ማርያም፣ ፊት ሚካኤል፣ ፊት አቦና ሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በትውፊት ለፋሲል ይሰጣሉ፤ በየወንዙ ያሉ የኖራ ድልድዮችም እንዲሁ። በቀሃ ዳር የተሠራው፣ ዛሬም በጥምቀት የሚሞላው መዋኛ ውኃውን የሚያገኘው ከዚሁ ወንዝ ነው። ከድልድዮቹ የትኞቹ በእርግጥ በእሳቸው እንደተሠሩ የሚደረገው ክርክር ለባለሙያዎቹ ይቆይ። ለከተማ ታሪክ የሚበቃው ዋናው ነገር መናገሻው መንቀሳቀሱን አቁሞ መንገዶቹ ወደ እሱ መንቀሳቀስ መጀመራቸው ነው።

የምጽዋ መንገድ ቀላል አልነበረም። ከሰኔ እስከ መስከረም ተከዜ ስለሚሞላ ቅፍለቱ ይቆማል። ሊማሊሞ ላይ ጭነት በበቅሎ ጀርባ ብቻ ሳይሆን በሰው ጫንቃም የሚያልፍበት ገደል ነበር፤ የመኪና መንገድ ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከፋሲል መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1769 ከሕርጊጎ ተነሥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው፤ በመንገድ የቆየባቸው ቀናት ተቆጥረው ሦስት ወር ሙሉ ማለት ነው። በመንገዱ ላይ በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ የትግራይ ገዥና ባሕረ ነጋሹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ በመጨረሻም ፓሻው። ወደ ባሕር የሚወርደው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና፣ መዘንጋት የሌለበት፣ ሰው ነበር፤ የሚወጣው ጨርቃ ጨርቅና ቅመማ ቅመም።

ይሁንና ምጽዋም በበኩሏ ደካማ ጎን ነበራት። ደሴቲቱ የረባ የመጠጥ ውኃ የላትም፤ ውኃዋ ከምድር ይመጣላታል። እህሏና ሥጋዋም ከደጋው ይወርዳል። ወደቡ ከተማይቱን እንደሚይዛት ሁሉ ደጋውም ወደቡን በጉሮሮው ሊይዘው ይችል ነበር። ፋሲል ይህን ኃይል አልተጠቀሙበትም። ምናልባት ከፓሻው ጋር የነበራቸው የካህናቱ ስምምነት እጃቸውን ስለያዘው ይሆናል። የመረጡት ሌላ መንገድ ነው፤ ቤይሉልን።

በዚያን ዘመን በባሕሩ ማዶ ትልቅ ለውጥ ሆኖ ነበር። የየመን ዘይዲ ኢማሞች ረጅም ጦርነት ተዋግተው በ1630ዎቹ አጋማሽ ቱርኮችን ከአገራቸው አስወጡ፤ የሞካ ወደብም በእጃቸው ገባ። ፋሲል በ1642 ለኢማም አል ሙአይድ መሐመድ ደብዳቤና ገጸ በረከት ላኩ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ምጽዋን ትቶ በቤይሉልና በሞካ መካከል የንግድ መንገድ መክፈት። ቱርክን ያሸነፈ ጎረቤት ከቱርክ በር ለመላቀቅ ለሚሻ ንጉሥ ተፈጥሯዊ ወዳጅ ነው። ኢማሙ መልስ ሰጡ፤ በ1644 ሲሞቱ ቦታቸውን አል ሙተወኪል ኢስማኢል ያዙ። ፋሲል ለእኒህም በድጋሚ ጽፈው የታመነ መልእክተኛ እንዲላክላቸው ጠየቁ።

ችግሩ በደብዳቤው ውስጥ ነበር። ጉዳዩ ከፓሻው የተሰወረ መሆን ነበረበት፤ የጎንደር ካህናትም በቅርቡ ከደም መፋሰስ የወጣ ሃይማኖት ጠባቂዎች በመሆናቸው ንጉሡ ከእስላም መንግሥት ጋር የሚያደርጉትን መጻጻፍ በጥርጣሬ የሚያዩ ነበሩ። ስለዚህ ደብዳቤው በቃል ብቻ የሚነገር ምሥጢር እንዳለ እየጠቆመ ዋናውን ነገር ሸፈነው። የመን ላይ ይህ ሽፋን ሌላ ትርጉም ተሰጠው። ንጉሡ እስልምናን ለመቀበል አስበው ይሆናል የሚል ተስፋ አደረ። አንዱ ወገን ስለ ወደብ ሲጽፍ ሌላው ስለ ነፍስ አነበበው።

በ1647 ቃዲ አል ሐሰን አል ሐይሚ የተባሉ ሊቅ የኢማሙን መልእክት ይዘው ተነሡ። ቤይሉል ወርደው በአፋር በረሃ ወደ ደጋው ጉዞ ጀመሩ። የሙቀቱ፣ የውኃ እጦቱና የዘራፊዎች ስጋት መንገዱን ሁሉ አልተለዩአቸውም፤ ከተመለሱ በኋላ በጻፉት የጉዞ ዘገባ ላይ ይህ ሁሉ በዝርዝር ሰፍሯል። ጎንደር የደረሱት በ1648 ነው። ንጉሡ በክብር ተቀበሏቸው። መልእክተኛው ግን የጠበቁትን የሃይማኖት ንግግር አላገኙም። ምሥጢሩ ሲገለጥ የቤይሉል መንገድ ሆኖ ተገኘ። አል ሐይሚ ያን መንገድ በእግራቸው የሄዱት ሰው ናቸውና የመንገዱን ነገር ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። በ1649 ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመረጡት የምጽዋን መንገድ ነው።

የዚህ ምርጫ ትርጉም ከማንኛውም የዲፕሎማሲ ደብዳቤ ይበልጣል። ቤይሉል እንደ ወደብ ጉድለት አልነበረባትም፤ ለሞካ ቅርብ ናት፣ ከቱርክ ነፃ ናት። የጎደላት ከወደብ ኋላ ያለው ነገር ሁሉ ነው። በምጽዋ መንገድ ላይ ቅፍለቱ ሲደክም የሚያርፍበት መንደር፣ በቅሎ የሚለውጥበት ገበያ፣ የሚገዛው እህል፣ ቀረጥ ተቀብሎ በለውጡ መንገዱን የሚጠብቅ ሹም ነበር። ይህ ሁሉ በብዙ ትውልድ የተገነባ እንጂ በአዋጅ የተፈጠረ አይደለም። በቤይሉል መንገድ ግን ከጠረፉ እስከ ደጋው ጠርዝ የሚያሳርፍ ከተማ አልነበረም፤ የአፋር ጎሳዎችም በንጉሡ ሥልጣን ሥር ስላልነበሩ ከጎንደር የሚሰጣቸው ትእዛዝም ሆነ ዋስትና አልነበረም። ከእነሱ ጋር ስምምነት ሳያደርጉ ከኢማሙ ጋር መስማማት ጣሪያን ከግድግዳ በፊት እንደ ማዋቀር ነው። ዛሬ ሞጆ ወይም ወረታ ላይ ያለውን ደረቅ ወደብ የሚያጠና ተመራማሪ ይህን ለማየት አይቸገርም፤ ፋሲል ግን ያዩት በሁለት ደብዳቤና በአንድ የከሸፈ ተልእኮ ነው።

ተልእኮው ከከሸፈ በኋላ ንጉሡ ባሕሩን አልተዉትም፤ ዘዴውን ለወጡ እንጂ። በሩን ከመቀየር በሩን የሚያውቁ ሰዎችን ወደ መጠቀም ዞሩ። ከእነዚህ ዋነኛው የአርመን ተወላጁ ነጋዴ ኾጃ ሙራድ ነው። ክርስቲያን በመሆኑ ከቤተ መንግሥቱ፣ ምሥራቃዊ ነጋዴ በመሆኑ ከቱርኩም ከሙግሉም አገር ሰው ጋር ይግባባል፤ ምጽዋም ሆነ ሞካ ለእሱ የታወቀ ደጅ ነው። በ1660ዎቹ መጀመሪያ ሙራድና አንድ እስላም ነጋዴ የሕንዱን ገዥ የአውራንግዜብን መንገሥ ደስታ ለመግለጽ ተላኩ። ሱራት ሲደርሱ ዕድል ከፋባቸው። በጥር 1664 የማራታው መሪ ሺቫጂ ከተማይቱን ሲዘርፍ ከንብረታቸው ብዙውን አጡ። ቢሆንም ዴልሂ ደርሰው ከአውራንግዜብ ፊት ቀረቡ፤ በዚያ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርኒየ አግኝቷቸው ታሪካቸውን ጽፏል። የመልእክተኞቹ ጉዞ ለፖለቲካ እምብዛም ፍሬ አላስገኘም። ለንግድ ግን የጎንደርን ስም እስከ ሕንድ ገበያ አደረሰ።

የፋሲል የመጨረሻ ዓመታት የቤት ውስጥ መከራ ነበረባቸው። ተቀናቃኝ ልዑላን የሚታገዱበትን የወኅኒ አምባ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ በ1666 ልጃቸው ዳዊት ሲያምፅባቸው ወደዚያው ላኩት። በጥቅምት 1667 ከጎንደር ብዙ በማይርቀው በአዘዞ ዐረፉ። አስከሬናቸው በጣና ሐይቅ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተወሰደ፤ እስከ ዛሬም በደሴቱ ገዳም ይገኛል።

ወራሻቸው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡ በዓመቱ፣ በ1668፣ በተደረገ ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የምጽዋንና የሰናርን ንግድ በእጃቸው የያዙት እነሱ ነበሩና ውሳኔው በከተማይቱ አቀማመጥ ላይ ቋሚ ምልክት ተወ። በቀሃ ወንዝ ዳር የእስላሞች ሠፈር ቆመ፤ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። የከተማይቱ የባሕር ክንፍ ከግንቡ ቁልቁል፣ ከወንዙ ዳር ተቀመጠ ማለት ነው።

ሙራድ ግን ሥራውን ቀጠለ። ለዮሐንስም፣ ለልጃቸው ለአፄ ኢያሱ ቀዳማዊም አገልግሎ ሆላንዶች እስከያዙት እስከ ባታቪያ ድረስ ተመላልሷል። በ1690ዎቹ ለንጉሡ የመጣውን ዕቃ የምጽዋው ናይብ ሙሳ ያዘበት። ኢያሱ ጦር ወደ ደሴቲቱ አልላኩም፤ መርከብም አልነበራቸውም። ከደጋው ወደ ምጽዋ እህልና ከብት እንዳይወርድ ከለከሉ። ናይቡ የያዘውን ዕቃና ገጸ በረከት ይዞ ንጉሡ ወዳሉበት ወደ አክሱም ወጣ።